አንድ አሞሌ ለመግዛት አርባ ደቂቃ

እታለም፦ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ደብረ ብርሃን ነን፣ መሽቷል፣ ስለ ብርዱ አትጠይቁን። ሁለታችንም ጋቢ ተከናንበናል። ኮሽኮሽ የሚል ነገር ከሰማችሁ ቆሎ ነው።

ማሙሽ፦ ማይኩ ሥር ያስቀመጠችው እሷ ናት። ለአዲስ አድማጮች፣ እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ። ስሞቻችንም የቤት ስሞች ናቸው።

እታለም፦ ዛሬ የምናወራው ቅዳሜ ስለተጣላንበት ጉዳይ ነው።

ማሙሽ፦ አልተጣላንም።

እታለም፦ በሩን ደርግመህ ወጥተሃል እኮ! በል ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው አስረዳ።

ማሙሽ፦ ሮል ፕሌይንግ ጌም ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ማስተር ይሆናል፣ ዓለሙ በሱ አፍ ነው ያለው። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ካራክተር፣ ማለትም የምንሆነውን ሰው፣ እንይዛለን። የሚያጠራጥር ነገር ስንሞክር ዳይስ እንጥላለን። ዋናው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እንደ ፈረንጆች በ1974 አወጡት። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር።

እታለም፦ እኛ ድራጎን የለንም። ሲራራ ነጋዴዎች ነን። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት። ቦታው አልዩ አምባ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ያለው ገበያ። አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ በግመል ይመጣል። ከዚያ በበቅሎ ዳገቱን ወደ አንኮበር እንወጣለን። ዳገቱ ላይ ሽፍታ አለ።

ማሙሽ፦ ሽፍታውን መግጠም የኔ ድርሻ ነበር! በቅሎ ነጂ ነኝ። ካራክተሬን ሦስት ሳምንት ነው ያሰላሁት። ጉልበቱን፣ ዱላውን፣ ስንት ምት እንደሚችል። እሺ፣ ገበያ ገባን። አንዷ ጓደኛችን አንድ አሞሌ ለመግዛት አርባ ደቂቃ ፈጀች።

እታለም፦ ማስተሯ እኔ ስለሆንኩ ሻጩም እኔ ነኝ። ተደስቼበታለሁ።

ማሙሽ፦ ጠርዙ ተሸርፏል አለች። ቀመሰችው። የሻጩን እናት ደህንነት ጠየቀች። እናትየው ታመዋል ተባለ። በቃ፣ ልትጠይቃቸው ሄደች! የሌለች ሴትዮ እኮ ናት እታለም!

እታለም፦ ሽፍቶቹስ አሉ እንዴ? እነሱም የኔ ናቸው።

ማሙሽ፦ እነሱ ቁጥር አላቸው፣ ጉልበታቸው ይሰላል።

እታለም፦ አያችሁ? ይህ ጠብ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጋይጋክስም አርነሰንም የመጡት ከጦር ጨዋታ ነው። ትንንሽ ወታደር አሰልፈው ስልት ሲያሰሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሠራዊት መምራቱ ቀረና አንድ ተጫዋች አንድ ሰው ያዘ። አንድ ሰው ከያዝክ ደግሞ ሰውየው እናት ይኖረዋል። ቁጥሩም ወጉም ከመጀመሪያው እዚያው ነበሩ። በ1980 ግሌን ብላኮው የሚባል አሜሪካዊ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሎ ጽፏል። ጉልበት የሚያካብት፣ ስልት የሚያሰላ፣ ሚናውን የሚኖር፣ ታሪክ የሚሻ።

ማሙሽ፦ እኔ ሁለተኛው።

እታለም፦ አንተ አንደኛው ነህ። ሁለተኛው ነኝ የሚል ሁሉ አንደኛው ነው።

ማሙሽ፦ (ሳቅ) ቆሎ አቀብዪኝ።

እታለም፦ አያታችን ቤት እንቆቅልሽ ስንጫወት ትዝ ይልሃል? አንተ መልሱን ካላወቅህ ታለቅስ ነበር።

ማሙሽ፦ አንቺ ደግሞ እንዳላውቅ ትጸልዪ ነበር። «አገር ስጠኝ» ለማለት።

እታለም፦ ጨዋታው ለኔ ከዚያ ነው የሚጀምረው! አገሩን ተቀብዬ፣ እዚያ ሄጄ፣ የበላሁትን የጠጣሁትን ዘርዝሬ፣ አንተን ሰድቤ። መልሱን ብዙ ጊዜ እረሳዋለሁ። አያቴ ግን ለሁለታችንም ጊዜ ትሰጥ ነበር። አንዴ ከባድ ትጠይቅሃለች፣ አንዴ ደግሞ እኔን እንዳሻኝ ትለቀኛለች።

ማሙሽ፦ ቅዳሜ አንቺ እንደሷ አላደረግሽም። ይኸው አመጣሁት። ልጅቷ እናትየውን ጠየቀች፣ ቡና ተፈላላት። ሻጩ ውለታ ቆጥሮ ሽፍታ የሌለበት ሌላ መንገድ አሳየን። በሰላም አንኮበር ገባን! ሦስት ሳምንት ያሰላሁት ዱላ ከትከሻዬ አልወረደም።

እታለም፦ እሱ ልክ ነህ። ሐሳቡ ደስ አለኝና አንተን ረሳሁህ። ሽፍቶቹ ሁለተኛውንም መንገድ ሊያውቁ ይችሉ ነበር፣ ቢያንስ ሁለቱ። ግን አንተም ንጹሕ አይደለህም። የዕጣውን ነገር ንገራቸው።

ማሙሽ፦ እሱ ይቆረጣል።

እታለም፦ አይቆረጥም። ሃያ ፊት ያለው ዳይሳችን ጠፋ። እዚህ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከ1 እስከ 20 ወረቀት ላይ ጽፈን ጣሳ ውስጥ ጨመርን። የወጣው ተመልሶ መግባት ነበረበት። ማንም አልመለሰም። ይሄ ጸጥ ብሎ ይቆጥራል። ትንንሾቹ ቁጥሮች እስኪያልቁ «እናንተ ሞክሩ» ይላል። ጣሳው ውስጥ ትልልቁ ሲቀር «እስቲ አሁን እኔ» ብሎ ተነሳ። ያወጣው 19!

ማሙሽ፦ ማታለል አይደለም። ትኩረት ነው። ደግሞ አንቺም በስክሪን፣ በማስተሯ መከለያ፣ ጀርባ ዳይስ ትገለብጫለሽ። ባለፈው ጓደኛችን ገደል ሲገባ 2 ነበር የወጣው። አየሁት። «ቅርንጫፍ ያዘህ» አልሽው።

እታለም፦ አራት ወር የያዘው ሰው በአንድ ዳይስ ይሙት?

ማሙሽ፦ ይሙት! መሞት ከሌለ ዳገቱን ለምን እፈራዋለሁ? የምጫወተው እኮ ለፍርሃቱ ነው።

እታለም፦ እኔ ደግሞ ነገ ምን ይሆናል ለሚለው። በዚህ አንስማማም። ገደል የገባውን ልጅ ራሱን ብጠይቀው ይሻል ነበር። «ካራክተርህ ቢሞት ምን ይሰማሃል» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ነው። ብዙ ማስተሮች ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ለዚህ ብቻ ይሰበሰባሉ፣ ሴሽን ዜሮ ይሉታል። እኛ ዘለልነው። እኛን የማናውቅ ይመስል።

ማሙሽ፦ አንድ ነገር ልመን። ያቺ ልጅ ስለ ጨው ብዙ ታውቃለች። አሞሌው በገመድ እንዴት እንደሚታሰር ስትናገር ገበያው ታየኝ። ከዚያ ግን ቶሎ እንውጣ።

እታለም፦ ስንት ደቂቃ ትፈቅድላታለህ?

ማሙሽ፦ አስራ አምስት።

እታለም፦ ሃያ አምስት።

ማሙሽ፦ ይኸው፣ አንቺም ተከራካሪ ሆንሽ። ሃያ። ግን ቅዳሜ ሽፍታ እፈልጋለሁ።

እታለም፦ ሦስት ሽፍታ፣ አንዱ ጠመንጃ ያለው። ዕጣው ግን በየጊዜው ጣሳው ይመለሳል።

ማሙሽ፦ እሺ።

እታለም፦ ሳንወጣ አንድ። እንቆቅልህ!

ማሙሽ፦ ምን አውቅልሽ።

እታለም፦ ሃያ ፊት አለው፣ አንድም ዓይን የለው።

ማሙሽ፦ ... አላወቅሁትም።

እታለም፦ ውሸታም! አውቀኸዋል።

ማሙሽ፦ አላወቅሁትም አልኩሽ። አገር ውሰጂ። አንኮበርን ሰጠሁሽ።

እታለም፦ አንኮበር ሄጄ፣ ከደጁ ተቀብለውኝ፣ ጠጁን በዋንጫ ቀድተውልኝ፣ አንተን በቅሎ ጠብቅ ብለው ውጭ ብርድ ላይ...