27 ኢንቹ ሞኒተር ለምን ከ24ቱ ደበዘዘ?

[ምስል፦ ሁለት ሞኒተሮች ጎን ለጎን። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ተከፍቷል።]

እነዚህን ሁለት ሞኒተሮች እዩአቸው። ሁለቱም ፉል ኤችዲ ናቸው፤ ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች ብዛት እኩል ነው ማለት ነው። የግራው 24 ኢንች ነው፣ የቀኙ 27። አሁን ጠጋ በሉና ፊደሎቹን ተመልከቱ። ጠርዛቸው ሻከር ያለው የትልቁ ነው። ትልቅ ገዝቶ የደበዘዘ ማየት ያናድዳል፤ ግን ሞኒተሩ አልተበላሸም።

ከኢንቹ እንጀምር። ስክሪን የሚለካው ከአንዱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ እስከ ተቃራኒው ጥግ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 24 ኢንች ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ዙሪያውን ያለው ፕላስቲክ አይቆጠርም። በነዚያ ጀርባቸው በገዘፈ የድሮ ሞኒተሮች ዘመን ግን ከፍሬሙ ስር የተደበቀው መስታወት ጭምር ይቆጠር ነበር። 17 ኢንች ተብሎ የተገዛው ሲለካ 16 አካባቢ ይሆናል!

[ምስል፦ ሁለት ስልኮች፤ አንዱ ሰፋ ያለ፣ አንዱ ቀጠን ረዘም ያለ። በሁለቱም ላይ እኩል ሰያፍ መስመር።]

ሰያፉ ደግሞ ቅርጹን አይነግራችሁም። ሁለቱም ስልኮች 6.5 ኢንች ናቸው። የአንዱ ረጅም ጎን ከአጭሩ ጎን ጋር ሲነጻጸር 16 ለ9 ነው፣ ሌላው እንደ ዛሬዎቹ ስልኮች 20 ለ9። የረጅሙ ስክሪን ጠቅላላ የቆዳ ስፋት ከሰፊው በ12 በመቶ ገደማ ያንሳል። ኢንቹ እኩል፣ የምታዩበት ቦታ ግን እኩል አይደለም።

ወደ ሪዞሉሽን፣ ማለትም ወደ ስክሪኑ የነጥቦች ብዛት እንለፍ። እያንዳንዱ ነጥብ ፒክሰል ይባላል። ፉል ኤችዲ ማለት ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥቦች ማለት ነው። ሲባዛ 2,073,600 ፒክሰል ይሆናል። ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የምናገኘው 1366 በ768 የዚህ ግማሽ ያህል ነው። 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160 ነው፤ የፉል ኤችዲ እጥፍ ይመስላል እንጂ በትክክል አራት እጥፍ ነው።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች እናገናኛቸው። ማስመሪያ ያዙና የስክሪኑን ወርድ ብቻ ለኩ። 24 ኢንቹ ወርዱ 20.9 ኢንች ገደማ ነው። 1920ን ለዚያ ስታካፍሉት በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ፒክሰል ይደርሳችኋል። የ27ቱ ወርድ 23.5 ስለሆነ የሚደርሰው 82 ብቻ ነው። ነጥቦቹ አልጨመሩም፤ እያንዳንዳቸው ወፈሩ እንጂ። ዓይናችሁ ያየው ይህንን ነው። 27 ኢንች ላይ 2560 በ1440 ቢሆን ኖሮ ወደ 109 ይወጣ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ቢጠይቀኝ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ግዛ አልለውም።

[ምስል፦ ዓይን፣ ስልክ፣ ሞኒተርና ቴሌቪዥን በተለያየ ርቀት።]

ታዲያ 55 ኢንች ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን በኢንች 40 ፒክሰል ብቻ ይዞ እንዴት ጥርት ብሎ ይታያል? ከሩቅ ስለምናየው ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ክፍተት ሲኖር ነው። ስልክ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትይዙ ይህ በኢንች 290 ፒክሰል አካባቢ ይሆናል። 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሞኒተር 145 ይበቃል። ሦስት ሜትር ላይ 30 እንኳ ይበቃል። አፕል በ2010 አይፎን 4ን ሲያወጣ 326 ላይ የደረሰው በዚሁ ሒሳብ ነው። ሶኒ በ2015 ባለ 4ኬ ስልክ አወጣ፤ በኢንች ከ800 በላይ ፒክሰል! ስልኩ ራሱ ግን ከፎቶና ከቪዲዮ በስተቀር አብዛኛውን ነገር የሚያሳየው በ1080 (በፉል ኤችዲ) ነበር። 4ኬው ለባትሪው ሸክም፣ ለዓይናችንም ከሚያስፈልገው በላይ ነበራ።

አንድ በየቀኑ የማየው ነገር አለ። ፊደሉ አነሰብኝ የሚል ሰው ሴቲንግ ገብቶ ሪዞሉሽኑን ይቀንሳል። ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። የኤልሲዲ ስክሪን ፒክሰሎች በፋብሪካ የተተከሉ ናቸው፤ ቁጥራቸው አይቀየርም። 1366 ነጥብ ያለውን ምስል 1920 ላይ ዘርጋ ስትሉት ለእያንዳንዱ ነጥብ 1.4 ፒክሰል ይደርሰዋል። ፒክሰል ደግሞ አይቆረስም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የጎረቤት ቀለሞችን ቀላቅሎ ይሞላዋል።

ሪዞሉሽኑን እንዳለ ተዉት። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ግቡና ስኬል የሚለውን 125 ወይም 150 በመቶ አድርጉት። ፊደሉ ይተልቃል፣ ጥራቱም አይነካም። አይፎን 4ም ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ስክሪኑ 640 በ960 ሆኖ ሳለ አፖቹ 320 በ480 እንደሆነ ቆጥረው ይሠሩ ነበር። የተረፈው ፒክሰል ፊደሉን ለማጥራት ዋለ። ጌም ላይ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተራችሁ ከተንገታገተ የጌሙን ሪዞሉሽን ዝቅ አድርጉ፤ የሚሥለው ፒክሰል ስለሚቀንስለት ይገላገላል።

[ምስል፦ የትንሽ ፕሮጀክተር ካርቶን።]

ፕሮጀክተር የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ «1080 ይደግፋል» የሚለው እንዳያታልላችሁ። ይደግፋል ማለት 1080 ቪዲዮ ሲላክለት ይቀበላል ማለት ነው። ተቀብሎ 800 በ480 አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል። መግለጫው ላይ «ኔቲቭ ሪዞሉሽን» (ፕሮጀክተሩ ራሱ ያለው የነጥብ ብዛት) የሚለውን ፈልጉ። ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁት። እሱም ካላወቀው እኔ ብሆን አልገዛውም።