ከክንዱ በፊት ዓይኑን

ክቡራትና ክቡራን፤ የተወደዳችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞችና የአሜሪካ ፉትቦል ወዳጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

በኮሌጅ የሚጫወት አንድ ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ለፕሮፌሽናል ሊግ ይበቃ እንደሆነ በምን ይመዘናል በሚለው ጉዳይ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልገኝ አውቄ ነበር። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች የዚህን ምዘና ተስፋም ስብራትም በገዛ ቡድናችን አይተነዋል። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2012 ሮበርት ግሪፊን ሣልሳዊን፣ በ2024 ደግሞ ጄይደን ዳንኤልስን መረጠ፤ ሁለቱንም በድራፍቱ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ፣ 2ኛ ተራ ላይ። ሁለቱም የኮሌጁን ታላቅ ሽልማት፣ የሄይስማንን ዋንጫ፣ ይዘው መጡ፤ ሁለቱም በእግራቸው ፈጣን፣ በክንዳቸው ብርቱ ነበሩ፤ ሁለቱም በመጀመሪያ ዓመታቸው የሊጉ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተብለው ተሸለሙ። የተጻፈላቸውን ብቻ ያነበበ ሰው መንትያ ናቸው ይላል። የኮሌጅ ፊልማቸውን ጎን ለጎን ያየ ግን እንዲህ አይልም፤ የዛሬው ንግግሬም በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ዋሽንግተን በ2012 ከ6ኛ ተራ ወደ 2ኛ ከፍ ለማለት ራምስ ለተባለው ቡድን የዚያን ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ምርጫውን፣ በዚያ ላይ የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ሰጠ። ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን በ10 ድልና በ6 ሽንፈት የምድቡ አሸናፊ አደረገው፤ በጥር 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ግን ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፣ ከዚያ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በ2015 ቦታውን የተረከበው ኪርክ ከዝንስ ነው፤ በዚያው በ2012 ድራፍት፣ በዚያው ቡድን፣ ነገር ግን በአራተኛው ዙር በ102ኛ ተራ የተመረጠ ተጫዋች። ከዝንስ በዚያ ዓመት 69.8 በመቶ የሚሆነውን ውርወራውን ለተቀባይ በማድረስ ሊጉን መራ፣ ቡድኑም ምድቡን አሸነፈ። ግሪፊን ባይጎዳ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር ማንም ሊክድ አይገባም፤ እኔም አልክድም። ሆኖም ጉዳቱ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ግሪፊን በተጫወተበት በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተቀባዮቹ እስከ ሜዳው ጠርዝ ድረስ ተራርቀው ይቆሙ ስለነበር ተከላካዩ ሳይወድ ይበታተን ነበር፤ ስለዚህ ኳርተርባኩ የመጀመሪያውን ተቀባይ አይቶ ይወረውራል፣ ካልሆነለትም ይሮጣል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተቀባይ የመፈለግ ልማድ በዚያ ፊልም ላይ ብዙም አይታይም፤ ስላልቻለ ሳይሆን አጨዋወቱ ስላልጠየቀው ነው። መዛኙን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ያልታየውን ነገር «አለው» ወይም «የለውም» ብሎ ለመፍረድ ይገደዳልና።

የኮሌጅ ሜዳ ራሱ መዛኙን ያታልላል። በሜዳው መሐል ለመሐል የተሰመሩት ሁለት የአጫጭር መስመሮች ተርታዎች በኮሌጅ በ40 ጫማ ይራራቃሉ፣ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ግን የሚራራቁት በ18 ጫማ ከ6 ኢንች ብቻ ነው። ኳሱ በኮሌጅ ወደ አንድ ወገን ተጠግቶ ሲቀመጥ በሌላው ወገን ሰፊ ባዶ ሜዳ ይተርፋል፣ ፈጣን ተቀባይ ያለው ቡድንም ያንን ሜዳ እንደ ልቡ ይጠቀምበታል። የሕጉም ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ውርወራ ባለበት ጨዋታ ኳርተርባኩን የሚከላከሉት የመስመር ተጫዋቾች በኮሌጅ እስከ 3 ያርድ ወደ ፊት መሄድ ሲፈቀድላቸው በሊጉ የሚፈቀድላቸው 1 ያርድ ነው። በዚህ ምክንያት ኮሌጅ ውስጥ ሩጫ ነው ወይስ ውርወራ ብሎ የሚያመነታ ተከላካይ ይበዛል፣ በሚያመነታ ተከላካይ ላይ ደግሞ ብዙ ኳርተርባክ ጎበዝ ይመስላል።

ታዲያ ፊልሙን ስናይ ምን እንፈልግ? አንድ አጋጣሚ ላሳያችሁ። ቡድኑ 10 ያርድ ለመሄድ ካሉት አራት ሙከራዎች 3ኛው ነው፣ 8 ያርድ ይቀራል። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ሴፍቲዎች፣ ማለትም የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች፣ በስተኋላ ጎን ለጎን ቆመዋል። ኳርተርባኩ ኳሱን እንደተቀበለ አንደኛው ሴፍቲ ወደ መሐል ይሸሻል፣ ሌላኛው ወደ ፊት ይወርዳል፤ ከአንድ አፍታ በፊት የታየው አሰላለፍ ማታለያ ነበር ማለት ነው። ልጁ በልቡ ይዞት የተነሣው የመጀመሪያ ተቀባይ አሁን ተሸፍኗል። የቀረው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ብዙም አይበልጥም፣ በቀኝ በኩል አንድ አሳዳጅ የመስመሩን ጠርዝ ዞሮ እየመጣ ነው። እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሙትና የራስ ቁሩን ፊት ለፊት ተመልከቱ፤ ዓይኑ የት ነው? ደካማው ኳርተርባክ ዓይኑን ከሜዳው አንሥቶ ወደሚመጣበት አሳዳጅ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ ምን እንደተከፈተ አያውቅም። ብርቱው ግን አሳዳጁን ሳያየው ይሰማዋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ፈቅ ይላል፣ ዓይኑም ወደ ሁለተኛው ተቀባይ ይሻገራል። እግሩንም እዩት። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ወርዋሪ ዓይኑ ሲዞር የግራ እግሩ አብሮ ካልዞረ፣ ኳሱ ከተቀባዩ ኋላ ወይም በላዩ ያልፋል። ዓይንና እግር አብረው የሚንቀሳቀሱለት ልጅ ያንን ውርወራ ቢስት እንኳ እኔ በመልካም እመዘግብለታለሁ፤ ተቀባዩ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ያገኘው የ60 ያርድ ተችዳውን (ነጥብ ያስገኘ ኳስ) ግን ስለ ወርዋሪው የሚነግረኝ ጥቂት ነው።

ቁጥር የሚወዱ ሰዎችም በዚሁ መንገድ እየመጡ ናቸው። ጫና ከደረሰበት ጊዜ ውስጥ ስንቱ በሳክ፣ ማለትም ኳርተርባኩ ሳይወረውር ተይዞ በመውደቁ፣ እንደሚያልቅ የሚቆጥሩት፣ ኳሱን ይዞ የመቆየት ልማድ ከመስመሩ ድክመት ይልቅ ከኳርተርባኩ ጋር የሚጓዝ ስለሆነ ነው።

የድራፍት ዕጩዎች አካልና ፍጥነት በሚፈተንበት በኢንዲያናፖሊስ ኮምባይን ስለሚለካው ነገር ብዙ አልቆይም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ቁመትም፣ ፍጥነትም፣ የክንድ ጉልበትም እንዲሁ ናቸው። ቶም ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ2000 40 ያርዱን በ5.28 ሰከንድ ሮጠ፣ ስድስት ኳርተርባኮች ከእሱ ቀድመው ተመርጠው በ199ኛ ተራ ወጣ፣ ከዚያም 7 ሱፐር ቦውል፣ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ አሸነፈ። ጆ በሮው በ2020 የእጁ መዳፍ 9 ኢንች ሆኖ መገኘቱ እንደ ትልቅ ጉዳይ ተወራ፤ ዛሬ ማንም አያነሣውም። ብሮክ ፐርዲ በ2022 ከሁሉም መጨረሻ፣ በ262ኛ ተራ ተመርጦ በሁለተኛ ዓመቱ ቡድኑን ሱፐር ቦውል አደረሰ።

አሁን የራሴን ስህተት መናገር ይኖርብኛል፤ ስለ ሌሎች ስህተት አውርቶ የራስን መደበቅ ተገቢ አይደለምና። በ2018 የዋዮሚንጉን ጆሽ አለንን ፊልም አይቼ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ይህ ልጅ ዒላማ የለውም፣ ዒላማ ደግሞ ከልጅነት ካልመጣ አይማሩትም» ብዬ ጻፍኩ። በኮሌጅ ዘመኑ ያደረሰው 56.2 በመቶ ውርወራውን ብቻ ስለነበር ማስረጃ ያለኝ መስሎኝ ነበር። በሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱም 52.8 በመቶ ሲሆን ትክክል እንደነበርኩ አመንኩ። በ2020 ግን 69.2 ደረሰ፣ በ2024ም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ፊልሙን ተመልሼ ሳየው የተሳሳትኩበት ቦታ ግልጽ ነበር። እኔ ያየሁት ኳሱ የወደቀበትን ነው፤ እግሩ ሲስተካከል ኳሱ ወዴት ይሄድ እንደነበር ግን አላየሁም። እግሩ በተስተካከለባቸው ጥቂት ጊዜያት ኳሱ በትክክል ይደርስ ነበር። ሊታረም የሚችለውን ጉድለት ከማይታረመው ሳልለይ ፈርጃለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘና መልማዮች ሁሉ ደጋግመው ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ የምዘናው እኩሌታ ያለው በልጁ ላይ ሳይሆን በሚቀበለው ቡድን ላይ ነው። በ2017 ቺካጎ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ተራ ከፍ ብሎ በኮሌጅ 13 ጨዋታ ብቻ የጀመረውን ሚቸል ትሩቢስኪን ወሰደ። ካንሳስ ሲቲ ከ27ኛ ወደ 10ኛ ወጥቶ ፓትሪክ ማሆምስን ያዘ። ማሆምስ በ2016 በቴክሳስ ቴክ 5,052 ያርድ ወርውሮ ቡድኑ ግን 5 አሸንፎ 7 የተሸነፈ ስለነበር፣ ቁጥሩ ከአጨዋወቱ የመጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ቺካጎ ማሆምስን ቢወስድ ኖሮ ሦስት ሱፐር ቦውል ያሸንፍ ነበር ብሎ መናገር አልችልም። ማሆምስ በካንሳስ ሲቲ አንዲ ሪድን የመሰለ አሰልጣኝ፣ አሌክስ ስሚዝን የመሰለ ልምድ ያለው ኳርተርባክ፣ አንድ ዓመት ሙሉ የመማሪያ ጊዜ አግኝቷል፤ በዚያ ዓመት የጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ሳም ዳርኖልድም በ2018 በ3ኛ ተራ ኒውዮርክ ጄትስ ገብቶ ከከሸፈ በኋላ፣ በ2024 ለሚኔሶታ ተሰልፎ 14 ጨዋታ አሸንፏል። ሰውየው ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው በዙሪያው የነበረው ነው።

ትዕግሥቱ ግን ውድ ነው። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ካደረጉት የ2011 ስምምነት ወዲህ የአዲስ ተመራጭ ደመወዝ ስለተገደበ፣ ጎበዝ ኳርተርባክ በርካሽ የሚገኝባቸው ጥቂት ዓመታት የቡድን ሁሉ ምኞት ሆነዋል። በ2024 ከመጀመሪያዎቹ 12 ተመራጮች 6ቱ ኳርተርባኮች የሆኑት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ወደ ዳንኤልስ ልመለስ። ብዙዎቻችሁ ጥቅምት 27 ቀን 2024 ከቺካጎ ጋር በተደረገው ጨዋታ በመጨረሻዋ ሰከንድ የወረወረውን፣ በብዙ እጅ ተነክቶ በተቀባያችን በኖዋ ብራውን እጅ የወደቀውን የ52 ያርድ ኳስ ታስታውሳላችሁ። እኔም እንደ እናንተው ጮኼ ተነሥቻለሁ፤ ለምዘና ግን ያ ውርወራ አይጠቅመንም። የሚጠቅመን የአምስት ዓመት የኮሌጅ ፊልሙ ነው። በ2021 በአሪዞና ስቴት 10 ተችዳውንና 10 ኢንተርሴፕሽን (በተከላካይ የተጠለፈ ኳስ) የነበረው ልጅ፣ በ2023 በሉዊዚያና ስቴት 40 ተችዳውን ወርውሮ የተጠለፈበት 4 ብቻ ነው። ማሊክ ኔበርስና ብራያን ቶማስ የመሰሉ፣ ሁለቱም በዚያው ድራፍት በመጀመሪያው ዙር የወጡ ተቀባዮች እንደነበሩት አይረሳ። ነገር ግን በ55 ጨዋታዎች ጅማሬ ውስጥ ዓይኑ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ሁለተኛው ተቀባይ ሲሻገር ይታያል፤ ይህ ማንም ተቀባይ ሊሰጠው የማይችለው የራሱ ነገር ነው። ያው ፊልም ሌላም ነገር ያሳይ ነበር፤ ሲሮጥ ራሱን አይጠብቅም፣ ከባድ ምት ይቀበላል። በ2025 የግራ ክርኑ ወልቆ ሲወጣ ያዘንኩት፣ አስቀድሞ የታየ ነገር ስለነበር ነው።

በዚህ አዳራሽ ልጆቻቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጫወቱ እናቶችና አባቶች አላችሁ። ልጃችሁ ስንት ያርድ እንደሚወረውር ለሚጠይቃችሁ ሰው ከመመለሳችሁ በፊት፣ ኳሱን ስንት ጊዜ ወደ ሁለተኛው ጓደኛው እንዳሻገረ ራሳችሁ ቁጠሩ። በርካታ ልጅ በክንዱ ብቻ ሲወደስ አድጎ ዓይኑን የሚያስተምረው ሰው ሳያገኝ ቀርቷል፤ ይህም ያንገበግበኛል።

አሁን መብራቱ ይቀነስልን፤ የሁለቱን ልጆች፣ የግሪፊንንና የዳንኤልስን፣ ፊልም ጎን ለጎን አምጥቻለሁ። የመጀመሪያዋ 3ኛ ሙከራ ስትመጣ ኳሱን አትከተሉት፤ የግራ እግሩን ተመልከቱ፣ ሳቆመውም ዓይኑ የት እንደነበር ትነግሩኛላችሁ።