ጋሼ ቁልፉን ደግመው ሲጫኑ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የእማዬን ራዲዮ ታሪክ ልጨርስላችሁ ነበር፤ ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የማክሰኞው ነገር አልለቀቀኝም።

ጋሼ መጥተው ነበር። ኮምፒውተራቸውን ከፍተው የጆሮ ማዳመጫውን ነቀሉና «አብረን እንስማው» አሉኝ። የኪራይ ድጋፍ ማመልከቻው ነው። እንግሊዝኛው ጥርት ብሎ ተነበበ። ወደ አማርኛው ወረዱ። ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ለማያይ ሰው ገጹን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ «ግራፊክ» አለ፤ ሥዕል ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎ የፋይሉን ስም፣ አንድ ረጅም ቁጥር፣ በእንግሊዝኛ ቆጠረ። ከዚያ ዝም። ጋሼ ቁልፉን ደግመው ተጫኑ። «ግራፊክ»። ያው ቁጥር። ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጫኑ ጣታቸውን እያየሁ ነበር።

እዚያ ሥዕል ውስጥ ሁለት ገጽ አማርኛ አለ። ሦስት ሌሊት የተረጎምኩት፤ «ከቤት ማስለቀቅ» ልበል «ማስወጣት» እያልኩ እህቴን ከእንቅልፏ የቀሰቀስኩበት። ሥዕል ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ፊደሎቻችን ገጹ ላይ ባዶ ሣጥን እየሆኑ ይወጡ ነበር፤ እንዲያምር ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የግዛትና የአካባቢ መስተዳድሮች ድረ ገጾች ዊካግ 2.1ን፣ ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የወጣውን መመሪያ፣ እንዲከተሉ ሲደነግግ፣ 50,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ሁለት ዓመት፣ ለትንንሾቹ ሦስት ዓመት ሰጥቶ ነበር። እኛም ተሰበሰብን። ስለ ቀለም ንፅፅር፣ ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይለይ ስለሚለው፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተነጋገርን። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ የእማዬ ዓይን ደክሞ ስልኳን ፀሐይ ላይ ስታዞር ታውቋታላችሁ። ራዲዮዋን የማትለቀው ለዚህ ይመስለኛል... ተዉት፣ ሌላ ቀን።

የአማርኛውን ገጽ ግን የፈተሸው ፕሮግራም ብቻ ነው። ለሥዕሉ መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ስላልነበረ አለፈው። የተጻፈው የፋይሉ ስም ይሁን ሌላ፣ ፕሮግራሙ ምን ያውቃል? መመሪያው ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ለማሽኑ ይነገረው ይላል፤ ያንንም አላደረግንም። የጋሼ ፕሮግራም እኮ የአማርኛ ድምፅ አለው። የሚያነበው ፊደል አጥቶ ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ አንቺ አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሁለተኛው መስመር «ቅጹን በቤትዎ ሆነው ራስዎ መሙላት ይችላሉ» ይላል። ድምፄ ዝቅ አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰምተው ነው ወይስ... አላወቅሁም።

በማግሥቱ ሙሉውን በጽሑፍ ተየብኩት፤ ቋንቋውም አማርኛ ተብሎ ተመዘገበ። አንድ ገጽ ነው። የተቃኙት ፒዲኤፎች ገና አልተነኩም። ለጋሼ ልደውልና «አሁን ይሞክሩት» ልበላቸው? ሥዕሉ የእኔ ውሳኔ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ...