የግል ማስታወሻን በዊኪ ማደራጀት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስልኬና ደብተሮቼ ላይ የተበታተኑ ብዙ መቶ ማስታወሻዎች አሉኝ። ዊኪ፣ ማለትም ገጾቹ በሊንክ እርስ በርስ የሚያያዙበት ማስታወሻ መያዣ፣ ልጀምር ነው። ሁሉንም ቀድሜ ልገልብጥ ወይስ መጀመሪያ ፎልደሮቹን ላዘጋጅ?

ሁለቱንም አያድርጉ። የድሮዎቹን «ማኅደር» በሚባል አንድ ፎልደር እንዳሉ አስቀምጠው ይተዉአቸው። ከእንግዲህ አንዱን ፈልገው ሲከፍቱት ብቻ ርዕሱን አስተካክለው፣ ቢያንስ ከአንድ ሌላ ገጽ ጋር አያይዘው ወደ ዊኪው ያስገቡት። ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው ግልበጣው ስለሚያሰለቸው ነው፤ ከተገለበጠው ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ዳግመኛ አይከፈትም።

ፎልደርን አስቀድሞ መደርደር ሌላ ጣጣ አለው። የመኪና ኢንሹራንስ «መኪና» ውስጥ ይግባ ወይስ «ገንዘብ» ውስጥ? ፎልደር አንዱን እንዲመርጡ ያስገድዳል። በዊኪ ግን ገጹ አንድ ቦታ ተቀምጦ ከሁለቱም በኩል ሊንክ ይደረግለታል። ስለዚህ «መግቢያ» የሚባል አንድ ገጽ ብቻ ይክፈቱ። ስለ አንድ ጉዳይ ሰባት ስምንት ገጽ ሲጠራቀም ያን ጊዜ ማውጫ ገጽ ይሥሩለት፤ ከእያንዳንዱ ሊንክ ጎንም ገጹ ምን እንደያዘ በግማሽ መስመር ይጻፉ። ባዶ የሊንክ ዝርዝር ከጥቂት ወር በኋላ ለባለቤቱም እንቆቅልሽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አንድ ገጽ ምን ያህል ይርዘም? ሊንኩስ የት ይግባ?

ርዝመቱን ሳይሆን ርዕሱን ይመልከቱ። ርዕሱ ውስጥ «እና» ካለ ብዙውን ጊዜ ሁለት ገጽ ነው። «ልዩ ልዩ» የሚል ገጽ ከከፈቱማ የማይገኝ ነገር ሁሉ እዚያ ይከማቻል። «ባትሪ» ከማለት «የመኪና ባትሪ መቼ ይቀየራል» ማለት ይሻላል፤ በፍለጋ ዝርዝር ውስጥ ሳይከፍቱት ይለዩታል።

ሊንኩን ከገጹ ግርጌ «ይህንንም ተመልከት» ብሎ መደርደር ብዙ አይጠቅምም። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይግባ (ድርብ ቅንፉ የሊንክ ምልክት ነው)፦ «ጠዋት አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚታየው [[የመኪና ባትሪ መቼ ይቀየራል]] ነው»። እንዲህ ሲሆን ለምን እንደተያያዙ ከሊንኩ ጋር ተጽፎ ይቀራል። ገጹ ገና ካልተጻፈም ሊንኩን ያስገቡ፤ አብዛኞቹ ዊኪዎች ያልተፈጠረውን ገጽ በተለየ ቀለም ያሳያሉ። ከሦስት አራት ቦታ የተጠቆመ ባዶ ገጽ ካዩ ቀጥሎ መጻፍ ያለበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የገጽ ስም በቀየርኩ ቁጥር ሊንኮቼ ይሰበራሉ። ምን ላድርግ?

ዊኪውን እንደሠሩበት ፕሮግራም ይለያያል። ኦብሲዲያን ስሙን እዚያው ውስጥ ከቀየሩት ሊንኮቹን ያስተካክላል፤ ከኮምፒውተሩ ፋይል ማሳያ ሆነው ከቀየሩት ግን አያውቀውም። ሚዲያዊኪ በድሮው ስም ወደ አዲሱ የሚመራ ገጽ ይተዋል። ዶኩዊኪ ደግሞ ስም ለመቀየር «ሙቭ» የሚባለው ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ያስፈልገዋል።

ርዕስ ውስጥ እዝባር (/) እና ሁለት የእንግሊዝኛ ነጥብ (:) አያስገቡ። እዝባር በብዙ ሲስተም የፎልደር መለያ ነው፤ ሁለት ነጥብ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ክልክል ነው፣ በዶኩዊኪ ደግሞ ሳያስቡት ንዑስ ክፍል ይፈጥራል። ቀን ሲጽፉ በሰረዝ ይለዩ፣ ዓመቱንም ያስቀድሙ፤ ያኔ ገጾቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

ጥያቄ፦ የጻፍኩትን አውቃለሁ፣ ሰርች ሳደርግ ግን አይመጣም። በአማርኛ ስለምጽፍ ይሆን?

አዎ፣ ምክንያቱም ሁለት ነው።

አንደኛው የድምፀ ሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሐኪም፣ ሀኪም፣ ሃኪም ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጸና ፀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐም እንደዚያው። ሙሉ ጽሑፉን በአንድ ሆሄ ለማስተካከል አይድከሙ፤ ለርዕሶች ብቻ አንድ አጻጻፍ መርጠው ይጽኑበት። በኦብሲዲያን ሌሎቹን አጻጻፎች የገጹ አናት ላይ ባለው የተለዋጭ ስም ቦታ ያስገቡ። ጽሑፉ ውስጥ ሲፈልጉ ደግሞ /[ሀሃሐሓ]ኪም/ ብለው በሁለት እዝባር መካከል ይጻፉ፤ ቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት የትኛውም ቢሆን ያመጣዋል።

ሁለተኛው የቃሉ ጫፍ ነው። «ኪራይ» ብለው ሲፈልጉ «የኪራዩ ውል» አይገኝም፤ «ይ» ወደ «ዩ» ተቀይራለችና። የመጨረሻዋን ፊደል ትተው «ኪራ» ብለው ይፈልጉ። ዶኩዊኪ በነባሪ ሙሉ ቃል ስለሚፈልግ በሁለቱም ጫፍ ኮከብ ያድርጉ፦ *ኪራ*።

ዶኩዊኪ ላይ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በነባሪ ቅንብሩ የፋይል ስም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ 9 ምልክት (9 ባይት) ይቀየራል። በሊኑክስ የፋይል ስም ጣሪያው 255 ባይት ስለሆነ ርዕሱ ከ26 ፊደል ገደማ ሲያልፍ ችግር ይጀምራል። የፋይል ስም አቀያየሩን ፊደሉን እንዳለ ወደሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ 8 ማዞር ይቻላል፤ ግን ገጽ ከመጻፍዎ በፊት መሆን አለበት። በኋላ ከቀየሩት የድሮዎቹን ገጾች አያገኛቸውም።

ጥያቄ፦ ቲድሊዊኪ ላይ አንድ ሳምንት የጻፍኩት ጠፋ። ይመለሳል?

ምናልባት አልጠፋም። ቲድሊዊኪ ሙሉ በሙሉ አንድ ፋይል ነው፤ ብሮውዘር ደግሞ በኮምፒውተርዎ ላይ ያለን ፋይል ዝም ብሎ እንዲያድስ አይፈቀድለትም። «ሴቭ» ሲሉ አዲስ ቅጂ ወደ ዳውንሎድ ፎልደር ይወርዳል፤ እርስዎ በማግስቱ የሚከፍቱት ግን የድሮውን ነው። ዳውንሎድ ፎልደሩን በቀን ደርድረው የመጨረሻውን ይክፈቱ። ለወደፊቱ በብሮውዘር ፈንታ ቲድሊዴስክቶፕ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ ያንኑ ፋይል ያድሳል። የሴቩ ምልክት ቀይ ከሆነ ያልተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው። ፎቶ ውስጡ አይክተቱ፤ መጠኑ በሲሶ ያህል ጨምሮ ይገባል፣ ፋይሉም እየከበደ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በስልክና በኮምፒውተር ስጠቀም አንዳንድ ገጽ ሁለት ይሆንብኛል። ባክአፕስ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያስፈልገኛል?

ሁለት የሚሆነው አንዱ መሣሪያ ኢንተርኔት ሳይኖረው ያንኑ ገጽ ስላረማችሁበት ነው። በስልክ የሚጽፉትን ለዕለቱ በተከፈተ የራሱ ገጽ ላይ ብቻ ያድርጉት፤ ወደ ዋናዎቹ ገጾች ማሸጋሸጉን በኮምፒውተር ይሥሩ። ግጭቱ ከሞላ ጎደል ይቀራል።

ሲንክ (መሣሪያዎቹን ማመሳሰል) ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የሰረዙት ከሁሉም ቦታ ይሰረዛል። ኦብሲዲያን ከሆነ ሙሉ ፎልደሩን በየሳምንቱ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። ሚዲያዊኪ ከሆነ ፎልደር መቅዳት ብቻውን አይበቃም፤ ጽሑፉ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ስለሆነ እሱም ተገልብጦ መውጣት አለበት። ቅጂውንም አልፎ አልፎ በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃሎቼን እዚያው ብጽፍስ?

አይጻፉ። ዶኩዊኪም ሚዲያዊኪም የገጹን የቀድሞ ቅጂዎች ያስቀምጣሉ፤ ከገጹ ላይ ቢያጠፉትም በታሪኩ ውስጥ ሳይመሰጠር ይቀራል፣ ባክአፑም ውስጥ አብሮ ይሄዳል። ዊኪው ላይ የትኛው አካውንት ለምን እንደሆነ ብቻ ይጻፉ። ከዚህ በፊት ጽፈው ከሆነ ገጹን ከማጥፋት ይልቅ የይለፍ ቃሉን ራሱን ይቀይሩ።