«እክህደከ» ያልነው እኛ ነን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የክርስትና ልጅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

መጀመሪያ ክርስትና ያነሳሁት በ22 ዓመቴ ነው። ልጁ ወንድ ስለሆነ በ40 ቀኑ፤ ሴት ብትሆን 80 እንጠብቅ ነበር። ቄሱ ወደ ምዕራብ አዙረውኝ በልጁ ፈንታ በግእዝ «እክህደከ ሰይጣን»፣ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ፣ በል አሉኝ፤ አልኩ። ወደ ምሥራቅ መልሰው «አአምን»፣ አምናለሁ፣ አስባሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቤ ሁሉ ልጁ ከእጄ እንዳይወድቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ውኃ ገብቶ ወጣ፤ አለቀሰ፤ ሜሮን ተቀባ፤ ማተብ ታሰረለት። ከዚያ ወደ ድግሱ። የዶሮው ወጥ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ የተናገርኩትን ግን ረስቼው ኖርኩ።

ወንጌላውያን ወንድሞቻችን «ሕፃን መች አመነና ይጠመቃል?» ይሉናል። በሙሉ ወንጌል ወይም በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሰው ውኃ የሚገባው እምነቱን በራሱ አፍ መስክሮ ነው። ነገሩ የኦርቶዶክስና የጴንጤ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወንጌላዊቷ መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለች። የእኛ መልስ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ይነሳል። ጌታ ለኒቆዲሞስ የነገረው ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ ነው። ልደት ደግሞ ስጦታ ነው፤ ጡት ከመጥባቱ በፊት ስለ ወተት መስክር የተባለ ሕፃን የለም።

ግን ጥያቄውን በዚህ ብቻ ዘግተን አንለፍ። አንድ ሰው ማመን አለበት፣ አንድ ሰው መናገር አለበት። በእኛ ሥርዓት ያ ሰው ክርስትና አባት ወይም እናት ነው። እኛ ከረሳነው ለጠያቂዎቻችን ምን ብለን እንመልሳለን? ደግሞ ጥምቀት አትደገምም፤ በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት»፣ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን፣ እንላለን። ጥር 11 የሚረጨው ውኃ በረከት እንጂ ሁለተኛ ልደት አይደለም። ያቺ ቀን አንዴ ናት፤ ምስክሮቿ ደግሞ እኛ።

ያ ልጅ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ወር ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፣ ያኔ በእኔ ፈንታ ምን ነበር ያልከው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ቃሉን ነገርኩት፤ ትርጉሙን ስነግረው «እክድሃለሁ» የሚለው ላይ ፈገግ አለ። «ወደየት ዞረህ ነው ያልከው?» ግቢ ወጥተን አሳየሁት። ጀንበር ልትጠልቅ ነበርና ሁለታችንም ዓይናችንን አጨናበስን። እኔ ዝም አልኩ፤ ቃሉን እሱ ተናገረው።