የአያት ዳዊት ስንት ያወጣል?

አቅራቢ ሀ፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ከአያቴ የወረስኩት የብራና ዳዊት ነው። ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ስንት ያወጣል?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ ብራና በመጠገን ብዙ ዓመታት ያሳለፍሽው አንቺ አይተሽ እንድትነግሪን እፈልጋለሁ።

አቅራቢ ለ፦ ዋጋውን መጨረሻ ላይ እናነሣዋለን፤ በቅድሚያ ከማኅደሩ፣ ማለትም ከቆዳ መያዣው፣ አውጥተን፣ ሳንገልጠው ውጪውን እንመልከት። ገበታው፣ ማለትም ሽፋኑ፣ እንጨት ነው፤ ቀይ ቆዳ ለብሶ፣ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ተደጉሶበታል። የጀርባው ቆዳ ተበልቶ ማየትህ አስደንግጦህ ይሆናል። ይሁን እንጂ የእኛ አደጓጎስ ጀርባውን በሙጫ የሚያያይዝ አይደለም፤ ክሩ ከአንዱ ጥራዝ፣ ማለትም አብረው ከታጠፉ ቅጠሎች፣ ወደ ሌላው እየተቆላለፈ ገበታውንም አብሮ ስለሚይዝ፣ ስፌቱ እስካልላላ ድረስ ቆዳው ቢነሣም መጽሐፉ አይፈርስም።

አቅራቢ ሀ፦ እኔ አዲስ ቆዳ ላስለብሰው አስቤ ነበር።

አቅራቢ ለ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። አሮጌው ድጉስ የዘመኑና የደጓሹ ምስክር ስለሆነ፣ ያረጀና ያልተነካ ቆዳ ካማረ አዲስ ልባስ ይበልጣል። አሁን እንግለጠው። ይህን ቀዳዳ አየኸው? ጸሐፊው ቃሉን ቀዳዳው ዘንድ ሲደርስ አቋርጦ ከማዶ ቀጥሎታል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ብራናው ሲፋቅ የተፈጠረ ነው፤ እንደ ጉዳት አልቆጥረውም። እዚህኛው ቅጠል ላይ ግን ፊደሉ ራሱ እኩሌታው ስለጠፋ፣ ከጊዜ በኋላ አይጥ የበላው መሆኑ ግልጽ ነው። የታችኛው ጠርዝ መጥቆር የጣት፣ ጠብታው ደግሞ የጧፍ ነው፤ ሁለቱም መጽሐፉ ሲጸለይበት መኖሩን ያሳያሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ፕላስተር ነው።

አቅራቢ ሀ፦ አጎቴ ለመጠገን ብለው የለጠፉት ነው። ልንቀለው?

አቅራቢ ለ፦ አትንካው፤ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ይነሣል፤ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ቀጥለን ሙሉነቱን እንመርምር። ዳዊት ከ150ው መዝሙር በኋላ መኃልየ ነቢያት፣ መኃልየ ሰሎሞን፣ ብዙ ጊዜም ውዳሴ ማርያም ይከተሉታል። ያንተ እስከ ውዳሴ ማርያም ደርሷል፤ በጥራዞቹም መካከል የተቆረጠ ቅጠል አላየሁም። ሥዕል ያለው ቢሆን ኖሮ የበለጠ እጠራጠር ነበር፤ ገበያ ለማሞቅ በአሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል የሚሥሉ አሉና። ቀለሙ ከፊደሉ በላይ ካረፈ ወይም ወደ ተበላው ጠርዝ ከፈሰሰ፣ ሥዕሉ ከጽሑፉ ወይም ከጉዳቱ በኋላ መጥቷል ማለት ነው።

አቅራቢ ሀ፦ እንግዲህ ወደ ዋጋው እንመለስ።

አቅራቢ ለ፦ ከብራና መጻሕፍት ሁሉ በብዛት የሚገኘው ዳዊት በመሆኑ፣ ዕድሜ ብቻውን ዋጋውን አያንረውም። ዋጋ የሚጨምርለት ሙሉነቱ፣ ያልተነካ ድጉሱ፣ የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም፣ በባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈ የርስት ወይም የጉልት፣ ማለትም የመሬት መብት፣ ማስታወሻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ታሪክ ነው። በተጨማሪም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ ውጭ አገር የሚጠራ ዋጋ ለአንተ መለኪያ ሊሆን አይችልም። እኔ ብሆን ከግምት በፊት አስመዘግበውና ቅጠል በቅጠል ፎቶ አነሣው ነበር።

አቅራቢ ሀ፦ የመጨረሻው ቅጠል ላይ በሐምራዊ ቀለም የተጻፈውስ? አበላሽቶት ይሆን?

አቅራቢ ለ፦ አንብበኸዋል?

አቅራቢ ሀ፦ አዎን። አያቴ የአባቴን የልደት ቀን የመዘገቡበት ነው፤ 1923 ዓ.ም. ይላል።

አቅራቢ ለ፦ እንግዲያውስ የመጀመሪያውን የታወቀ ቀን አገኘን። ዳዊቱ ከዚህ ማስታወሻ በፊት ተጽፏል፤ በማን እጅ እንደነበረም እናውቃለን። ይህን ቅጠል በቅድሚያ ፎቶ አንሣው።