ስባራ ድልድይና የገመዱ ዘመን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ድልድይ ላወራችሁ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ይገኛል፤ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር ያገናኛል። ስባራ ድልድይ ይሉታል።

የተሠራው በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ነው፣ በፈረንጆቹ 1660 አካባቢ። ብዙ ሰው “የፖርቹጋሎች ድልድይ” ሲል ትሰማላችሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፋሲለደስ እኮ ኢየሱሳውያኑን፣ በፖርቹጋሎቹ በኩል የመጡትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ያባረሩት በ1630ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይሄ ድልድይ ሲቆም እነሱ ከወጡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀረም። እርግጥ ነው፣ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በኖራ ሲገነባ የውጭ ሰው እጅ ነበረበት። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ግን ሙያው እዚሁ ቀረ። የሞጣውን ያቆሙት ያ ሙያ የገባቸው ሰዎች ናቸው።

ለአካባቢው ሰው ምን እንደነበረ አስቡት። በበጋ መልካ ተፈልጎ ዓባይን መሻገር ይቻላል። ክረምት ከገባ ግን መልካ የሚባል ነገር የለም። ሲራራ ነጋዴው፣ ለቅሶ ደራሹ፣ ማዶ ልጁን የዳረው ሁሉ በዚያ ድንጋይ ላይ ነው የሚያልፈው። ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አርበኞች የድልድዩን የመካከል ቅስት ሰበሩት። ጠላት እንዳይሻገር።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ እዚህ ላይ ነው። የሰበሩት እኮ የራሳቸውን መንገድ ነው። ገበያቸው፣ ዘመዳቸው ማዶ ነው፤ እያወቁ አደረጉት። ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ጠላት ከወጣ በኋላ ግን ያንን ቅስት መልሶ የገጠመ የለም። መንግሥት ተለወጠ፣ ሌላ መጣ፣ ያም ሄደ፤ ድልድዩ እንደተሰበረ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የአርበኞችን ድል እናከብራለን፣ የአበባ ጉንጉን እናስቀምጣለን። እነዚያ አርበኞች ለአገር ብለው የሰበሩትን ድልድይ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ አልጠገንንላቸውም። ይሄ ያመኛል። እዳ ነበረብን።

ሕዝቡ ምን አደረገ? ገመድ አመጣ። ከወዲህ በኩል ሰዎች፣ ከወዲያ በኩል ሰዎች፣ መሐል ላይ ባዶው፣ ከሥር ዓባይ። ተሻጋሪው በገመዱ ይታሰርና ራሱን ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ይለቃል። ከወዲያ ያሉት ይጎትታሉ፣ ከወዲህ ያሉት እያላሉ ይለቃሉ። አንዱ ወገን ቢሳሳት ያ ሰው አለቀለት። ነፍስህን ለማታውቀው ሰው ክንድ ሰጥተህ ገበያ ትሄዳለህ።

ይህን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። በፈረንጆቹ 2001 ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ አየው፤ አይቶ ዝም አላለም። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተና በ2002 ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት ገጠመው። መኪና የሚደርስበት ስላልሆነ ዕቃው በአህያ እየተጫነ ነው ገደሉን የወረደው። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ሩዋንዳን ጨምሮ በብዙ አገር ድልድይ ሠርቷል። መነሻው ግን የእኛው ስባራ ድልድይ ነው፤ ይሄን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ሰውየውን አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ፎቶውን ግን እኛም ማየት ነበረብን። ፎቶ ምን ያደርጋል፣ ሰዎቹ እኮ የእኛ ናቸው።

“ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል” ይባል የለ? በፈረንጆቹ 2005 ጎርፍ መጣና ብረቱን ይዞት ሄደ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው ያገለገለው። ሰዉ እንደገና ያለ መሻገሪያ ቀረ። በ2009 ድርጅቱ ተመልሶ መጣና በዚያው አካባቢ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ሠራ፤ በኬብል የተያዘ፣ ወንዙ መሐል ምሰሶ የማያስገባ። የድሮው የድንጋይ ድልድይ እንደተሰበረ ቀረ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስለ ንጉሡ ተጽፏል፣ ስለ ፈረንጁም ተጽፏል። ገመዱን የያዙት ሰዎች ግን ስማቸው የትም የለም። እስከ ፈረንጆቹ 2002 ድረስ ሲጎትቱ የነበሩ ናቸው፤ ወጣት የነበረው ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመቱ ነው፣ በሕይወት አለ። ሞጣ ወይም ማዶ ዘመድ ያላችሁ፣ አባታችሁን፣ አጎታችሁን ጠይቁልኝ። እንዴት ነበር የሚያስሩት? በምን ነበር የሚግባቡት? ነፍሰ ጡር ስትመጣ ምን ያደርጉ ነበር? በስልካችሁ ቅረጹና ላኩልኝ። የሚቀጥለውን ክፍል በእነሱ ድምፅ ነው የምሠራው።